ገምጋሚ ሁለት በታመሙት ዝርዝር

የሰፈራችን የጎፈር ሜዳ ሰው የዶክተር ሆሴዕን ነገር ሲያወራ ሁልጊዜ ከእኔ መዝገብ ይጀምራል። "ሊሻን ናት እኮ ሰውየውን ያሳመመችው" ይባላል። እኔ ማንንም አላሳመምኩም። ሃያ ስምንት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ስሠራ አንድ ደብዳቤ በስህተት ተመልሶብኝ አያውቅም። ጡረታ ወጥቼ የቤተ ክርስቲያናችንን የጸሎት ርዕስ መዝገብ ስይዝም ያንኑ ጥንቃቄዬን አልተውኩም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እኔው ልንገራችሁ፤ ሊፈርድብኝ የሚፈልግ ቢያንስ አውቆ ይፍረድብኝ።

ሆሴዕ የጎረቤቴ የገነቴ አንድ ልጅ ነው። ገነቴ ጤና ረዳት ነበረች፤ መሥሪያ ቤቷ ባዘዋወራት ቁጥር ልጇን ይዛ ስትዞር ኖራለች። ሀደሮ ወለደችው፣ ሺንሺቾ ፊደል አስቆጠረችው፣ ዱራሜ አራተኛ ክፍልን ጨረሰ፣ አምስተኛን እዚህ ሆሳዕና ጀመረ። ከምባትኛውን ከዚያ፣ ሀድይኛውን ከዚህ፣ አማርኛውን ከየትምህርት ቤቱ ለቃቅሞ በሦስት ቋንቋ ሰው የሚያደክም ልጅ ወጣው። "ለምን?" ይላል። ይመለስለታል። "እሱስ ለምን?" ይላል። የሰንበት ትምህርት አስተማሪው ሁለት ጊዜ "እባክሽ ይህን ልጅ ለጥቂት ሳምንት አሳርፊልኝ" ብሎ ልኮባታል።

የዕድሜ ልክ ሥራውን ያገኘው በአሥር ዓመቱ፣ ቅርጫ ላይ ነው። ሰፈራችን በየዓመቱ ለመስቀል በሬ ይጥላል፤ አራጁም ከፋፋዩም አቶ ወልደኪዳን ናቸው። ወልደኪዳን በእንሰት ቅጠል ላይ አሥራ ሁለት መደብ ሲደለድሉ ማየት ነው! ጉበቱን ለአሥራ ሁለት፣ ሻኛውን ለአሥራ ሁለት፣ አጥንቱን ሳይቀር ለአሥራ ሁለት፤ አንዱ መደብ ከሌላው የከበደ ከመሰላቸው ጣት የምታህል ሥጋ አንሥተው ያዛውራሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ቤት ምልክቱን ይሰጣል፤ አዝራር፣ ቁራጭ እንጨት፣ የጠርሙስ ክዳን፣ ያገኘውን። ፊቱን አዙሮ የቆመ ሰው ምልክቶቹን ይቀበልና በየመደቡ ላይ አንድ አንድ ይጥላል። ምልክትህ የወደቀበት መደብ ያንተ ነው፤ ክርክር የለም።

ሆሴዕ የእናቱ አዝራር የወደቀበትን መደብ ትኩር ብሎ አየና ጠየቀ። "ጋሼ ወልደኪዳን፣ አዝራሩ ሳይወድቅ በፊት ይሄ መደብ የማን ነበር?"

"የማንም አልነበረም" አሉ ወልደኪዳን።

"የእኛ ነበር እንጂ" አለች ገነቴ። "እግዚአብሔር አስቀድሞ ያውቀው የለ?"

ወልደኪዳን ቢላዋውን አስቀመጡ። "ስሚ ገነቴ፣ እኔ አስተካክዬ የምከፍለው የማን እንደሚሆን ስለማላውቅ ነው። አስቀድሞ የታወቀ ከሆነማ ይሄ ሁሉ ድልደላ ለምን? ሌባ እያልሽኝ ነው?"

ገነቴ ሌባ አላለችም፤ እሳቸው ግን ያለችው መሰላቸው፤ ጎረቤቱ ለሁለት ተከፍሎ ሥጋው እስኪደርቅ ተከራከረ። ሆሴዕ መሐል ቆሞ አንዴ እናቱን አንዴ እሳቸውን ያያል። በነጋታው ለእናቱ "ሁለታችሁም እርግጠኛ ናችሁ፤ ሁለታችሁም አላያችሁም" አላት። አሁን ዕድሜው አርባ ሁለት ነው፤ ከዚያ ጥያቄ ላይ እስካሁን አልተነሣም።

ማትሪክ ጥሩ ነጥብ ሲያመጣ ገነቴ ሐኪም ይሆንልኛል ብላ ነጭ ካፖርት ሁሉ አሰፍታ ነበር። እሱ በገዛ እጁ በመጀመሪያ ምርጫ ፊዚክስ ሞላ። ያኔ ሦስት ቀን ለማጽናናት ቤቷ ሄደናል፤ አልዋሽም፣ እኔም አልቅሻለሁ። ከዚያ የውጭ ትምህርት ዕድል አገኘ፤ ስድስት ወር በረዶ የሚጥልበት አገር አምስት ዓመት ቆይቶ ዶክተር ሆኖ ተመለሰ። መመለሱ ደግሞ ሰውን የባሰ አስደነገጠ። "ምን አጥፍቶ ነው?" ያለ አለ፤ "ጤናው ይሆን?" ያለም አለ። እሱን ስጠይቀው "እዚያ ወንበር የሚሰጡኝ የእነሱን ጥያቄ እንድጠይቅላቸው ነው። የእኔን ጥያቄ እዚህም በወረቀትና በእርሳስ መጠየቅ እችላለሁ" አለኝ። ከዚያ ከተማችን ዩኒቨርሲቲ ተቀጠረ።

የፊዚክስ ዶክተር ሰፈር ገባ ሲባል የተበላሸ ዕቃ ያለው ሁሉ ተሸክሞ መጣ። ቴሌቪዥን መጣ፣ የውሃ ፓምፕ መጣ፣ የአንዱማ የመስማት መሣሪያ መጣ። ሆሴዕ እምቢ ማለት አይችልም። የእኔን ካውያ ፈታታና ገጣጥሞ አምስት ብሎን ተርፎት፣ ብሎኖቹን በፖስታ አድርጎ ከይቅርታ ጋር መለሰልኝ። ካውያው በዚያው አረፈ። በመጨረሻ የሰፈሩ ኤሌክትሪሺያን መሐመድአሚን ወደ ቤቱ ሄዶ "ዶክተር፣ እርስዎ ሐሳቡን ይያዙ፤ ሽቦውን ለእኔ ይተዉልኝ" ብሎ ለመነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተስማምተው ይኖራሉ።

አንድ ቀን በግልጽ "ሥራህ ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅሁት።

"እትዬ ሊሻን፣ አንድ ቤት ተሠርቶ አለቀ እንበል። ሰው ገባበት፣ መብራት ገባለት፣ ሰርግ ተደገሰበት። አንድ ሰው ብቻ በሆዱ እየተሳበ ከወለሉ ሥር ገብቶ ቤቱ በምን ላይ እንደቆመ ያያል። ስልኩም ኮምፒውተሩም የተሠራበት ሒሳብ፣ ኳንተም የሚባለው፣ እንደዚያ ነው። ይሠራል። ምን እያለን እንደሆነ ግን እስካሁን አልተስማማንም።"

"ቤቱ ሊወድቅ ነው?"

"አይወድቅም።"

"ታዲያ ምን አስጨነቀህ?"

"በምን እንደቆመ አለማወቄ።"

እኔ ቆሞ እስካገኘሁት ድረስ ገብቼ እተኛለሁ። እሱ ግን ምን እንደሚመስል አያችሁ? ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ፣ ጠመኔ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ለባጃጅ እጁን ዘርግቶ ባጃጁ ሲቆምለት ለምን እንዳስቆመው ይረሳል። ዩኒቨርሲቲው አንዲት ጠባብ ክፍል ሰጥቶት ነበር። የንብረት ቆጣሪዎች መጥተው "ላቦራቶሪህ የት ነው?" ቢሉት ግድግዳውን አሳያቸው። እነሱም "ጥቁር ሰሌዳ፦ አንድ። ይዞታው፦ ደህና" ብለው ጽፈው ሄዱ። እሱ ግን ያቺን ክፍል ይወዳታል። ቁልፏን ከአንገቱ አያወጣም።

መከራው የጀመረው ካቻምና ነሐሴ ላይ ነው። የኮሌጁ ዲን ዶክተር ኤሊያስ ጠራው። ኤሊያስ ክፉ ሰው አይደለም፤ አምስተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት።

"ሆሴዕ፣ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ጽሑፍ አላሳተምክም።"

"አንድ ጥያቄ ላይ ነኝ።"

"መመሪያው ጥያቄ አይቆጥርም። እስከ ሰኔ ሠላሳ፣ በታወቀ መጽሔት ተቀባይነት ያገኘ አንድ ጽሑፍ አምጣልኝ። ካመጣህ ክፍሉም የምርምር ሰዓቱም ያንተ ነው። ካላመጣህ ክፍሉ ለፎቶ ኮፒ ማሽኑ ይሰጣል፤ አንተ የጥራት ማረጋገጫ ዳይሬክተር ትሆናለህ።"

ልብ በሉ፣ ቅጣቱ የዳይሬክተር መኪና አለው። ወሬው ሰፈር ሲደርስ ሰዉ "እንኳን ደስ ያለሽ" እያለ ገነቴ ቤት ጎረፈ። ያልተደሰተ ሆሴዕ ብቻ ነው፤ በአንድ ወር ሱሪው ሰፋው። ገነቴም እንግዳውን ሁሉ በፈገግታ ሸኝታ ሲያበቃ እኔ ፊት አለቀሰች። "ሊሻን፣ ሐኪም ባይሆንልኝ ቻልኩት። ይህችን ጥያቄውን ቀምተው ጠረጴዛ ቢሰጡት ግን ልጄ ምን ይቀረዋል?" አለችኝ።

እንደ ዕድል ሆኖ ሆሴዕ በዚያው ክረምት አንድ ጽሑፍ ለውጭ መጽሔት ልኮ ነበር። አሠራሩን ሲያስረዳኝ ጉድ ነው ያልኩት። ጽሑፉን ሁለት ምሁራን ያዩታል፤ ስማቸው አይነገርም፤ አገራቸው አይነገርም፤ "ገምጋሚ አንድ" እና "ገምጋሚ ሁለት" ብቻ ነው የሚባሉት። መስከረም ላይ መልሳቸው መጣ። ገምጋሚ አንድ በሦስት መስመር "ጥሩ ነው" ብሏል። ገምጋሚ ሁለት አራት ገጽ ጽፏል፤ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ "ሦስተኛው ክፍል አልገባኝም። ደራሲው የሰለቸንን የሳንቲምና የጓንት ምሳሌ ትቶ ሰዎች የምር የሚጨነቁበትን ነገር ያሳየን። አስተካክሎ ሲልክ እኔ ራሴ ላየው እፈልጋለሁ።"

ሆሴዕ ምሳሌ ፍለጋ ሁለት ሳምንት ሲብሰለሰል መስቀል ደረሰ። ቅርጫው ላይ እንደ ልማዱ ቁራጭ ጠመኔውን በምልክትነት ሰጥቶ ቆመ። ዱራሜ የሚሠራው የሰፈራችን ልጅ ዳዊትም ድርሻ ነበረው፤ ራሱ አልመጣም፤ ምልክቱ ግን ከሌሎቹ ጋር ተሰጥቷል። አሥሩ ወደቁ፤ የቀረው የእኔና የዳዊት ብቻ ሆነ። የእኔ ክዳን አሥራ አንደኛው ላይ ሲወድቅ ሆሴዕ ጮኸ። "አያችሁ! ዳዊት ዱራሜ ተቀምጦ፣ ማንም ሳይደውልለት፣ ድርሻው አሁን ታወቀ!"

"ምን ያስጮሃል?" አሉ ወልደኪዳን። "የቀረው አንድ ነው።"

"ልክ ነዎት፤ ይሄኛው ቀላሉ ነው። እኔ የማጠናቸው፣ በዓይን የማይታዩት ቅንጣቶች ግን እንዲህ ናቸው፦ መደቡ የማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ውስጡ ጉበት ይሁን አጥንት እንኳን ምልክቱ እስኪወድቅ አልተወሰነም። እዚህ ሲወሰን ዱራሜ ያለውም ከዚህኛው ጋር ተስማምቶ ይገኛል። አስቀድሞ ተደልድሎ ነበር እንዳንል ሒሳቡ እምቢ ይላል።"

ወልደኪዳን ቢላዋቸውን እየጠረጉ አሰቡበት። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። "እኔ ያልደለደልኩት መደብ፣ ምልክት ሲወድቅበት ራሱን የሚደለድል?"

"አዎ።"

"እንዲህ ባለ ቅርጫ ውስጥ ስሜን እንዳታስገባ!"

እሱ ግን አስገባቸው። ሦስተኛውን ክፍል እንዳለ ጥሎ በቅርጫ እንደገና ጻፈው፤ እናቱና ወልደኪዳን በአሥር ዓመቱ የተከራከሩት ክርክር ሳይቀር ገባ። ጥቅምት መጀመሪያ ላከ። ከዚያ ዝም። ኅዳር ዝም፣ ታኅሣሥ ዝም፣ ጥር ዝም። ለመጽሔቱ አዘጋጅ ጽፎ ሲጠይቅ "ገምጋሚ ሁለትን እየጠበቅን ነው" ብቻ ይሉታል።

የካቲት ላይ ገነቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ እኔ መጣች። "የጸሎት ርዕስ ላስመዘግብ ነው።"

መዝገቤን ዘረጋሁ። መዝገቤ አራት ዓምድ አለው፤ የታመሙ፣ መንገደኞች፣ ፈተና ያለባቸው፣ ሥራ የሚፈልጉ። "ስም?"

"ስሙ አይታወቅም። ገምጋሚ ሁለት ነው የሚባለው።"

"ስሙ የማይታወቅ ሰው እንዴት ይጸለይለታል?"

"እኛ ባናውቀው ፈጣሪ አያውቀውም?"

እሺ ብዬ ብዕሬን አነሣሁ። ግን የት ልጻፈው? መንገደኛ አይደለም። ፈተና የለበትም፤ ፈታኙ ራሱ ነው። ሥራ አይፈልግም፤ ያለውንም አልሠራ ብሎ ነው ያስቸገረን። ከዚያ እንደ ሰው አሰብኩ። እኛ ሰፈር አንድ ሰው ለሦስት ቀን ድምፁ ከጠፋ ምን እንላለን? ታሞ ነው ብለን እናንኳኳለን። ይህ ሰው "እኔ ራሴ ላየው እፈልጋለሁ" ብሎ በእጁ ጽፎ አራት ወር ዝም ብሏል። ጤነኛ ሰው እንዲህ አያደርግም። ስለዚህ የታመሙት ዓምድ ውስጥ፣ ተራ ቁጥር ዘጠኝ፣ "ገምጋሚ ሁለት፤ ውጭ አገር" ብዬ ጻፍኩ። ገነቴ አየችው፤ እሷም የጤና ባለሙያ ናት፤ አንድ ቃል አልተቃወመችም።

እሑድ ተነበበ። ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ጸለየ፤ እኛ ጋ ለታመመ ሲጸለይ ጣሪያው ይሰማል። በሁለተኛው እሑድ አንባቢው ከራሱ ጨምሮ "በጠና የታመመ" አለ። በሦስተኛው ኩላሊቱ ነው ተባለ። እኔ እንዲህ ብዬ አልጻፍኩም፤ መዝገቡ ይመስክር።

አሁን ወደ አጥሚቱ ልምጣ። የቤተ ክርስቲያናችን የሕሙማን ጠያቂ ቡድን ኃላፊ እህት አበበች ናት። አበበች በመዝገቡ ላይ ያለ በሽተኛ ሳይጠየቅ ሳምንት ካለፈ እንቅልፍ የላትም። ሰውየው ውጭ አገር ነው ሲሏት "ታዲያ እዚህ ዘመድ የለውም?" አለች። ደንቡ እንደዚያ ነው፤ በሽተኛው ሩቅ ከሆነ ቅርቡ ያለው ዘመድ ይጠየቃል። ከሆሴዕ የቀረበ ሰው አልተገኘም። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አበበች ስድስት ሴቶችን አስከትላ፣ ሁለት ፔርሙስ አጥሚት ይዛ፣ ሆሴዕ ቤት ገባች። አልጋው ላይም ወንበሩም ላይም ተቀመጡ። አበበች እጁን ይዛ "አይዞህ ወንድሜ። እንዴት አደረ? ምግብ ይቀምሳል?" አለችው።

"ማን?"

"ገምጋሚህ።"

ሆሴዕ መጀመሪያ አጥሚቱን ጠጣ፤ እናቱ ያሳደገችው ልጅ ነው። ከዚያ ሴቶቹን እስከ በር ሸኝቶ በቀጥታ እኔ ቤት መጣ። እንደዚያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም።

"እትዬ ሊሻን፣ ይህ ሰው መታመሙን በምን አወቁ?"

"ዝም ስላለ።"

"ሥራ በዝቶበት ሊሆን ይችላል!"

"ሥራ የበዛበት ሰው 'ሥራ በዝቶብኛል' ይላል።"

"ከዝምታ መደምደሚያ አይወሰድም! ያላየነውን ነገር እንዲህ ነው ብለን አንጽፍም፤ የእኔ ሙያ በሙሉ እኮ ይህን አለማድረግ ነው!"

"ጥሩ። ጤነኛ መሆኑንስ አይተሃል?"

"አላየሁም" አለ፤ ውሸት አይችልም።

"እንግዲህ አንተም አላየህም እኔም አላየሁም። ለጤነኛ ሰው ቢጸለይለት ደግሞ የሚጎዳው ነገር የለም።"

"ቢያንስ ይሰርዙልኝ።"

እዚህ ላይ ግን እኔም ተቆጣሁ። ከታመሙት ዓምድ መውጫው ሁለት ነው፤ ወይ ሰውየው ድኖ በጉባኤ ፊት ምስክርነት ይሰጣል፣ ወይ እንቀብረዋለን። ሦስተኛ መንገድ የለም፤ ስርዝ ድልዝ ያለበት መዝገብ በሕይወቴ ይዤ አላውቅም። ሆሴዕ ጭንቅላቱን ይዞ ወጣ። ገምጋሚ ሁለትም በተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ረጋ፤ መጋቢት ተጸለየለት፣ ሚያዝያ ተጸለየለት፣ ግንቦትም ተጸለየለት። አጥሚቱ በየሁለት ሳምንቱ መምጣቱን አላቋረጠም፤ የሆሴዕ ሱሪ እንኳን መልሶ ልኩ ሆነ።

ሰኔ ሃያ ሰባት ዓርብ ሆሴዕ በሬን አንኳኳ። ፊቱን ሳየው የምቀልደው ጠፋኝ። "እትዬ ሊሻን፣ ዛሬ አናጺ መጥቶ ክፍሌን ለኮፒ ማሽኑ ለካ። የዳይሬክተርነቱን ምደባ መቀበሌን የምገልጽበት ደብዳቤ አጻጻፉን ያሳዩኝ።"

አሳየሁት። "ጉዳዩ፦ የሥራ ምደባ መቀበልን ይመለከታል።" እኔ ቃሉን እየሰጠሁት እሱ ጻፈ። ፊርማው ላይ ሲደርስ ቆመ። "ሠላሳ ሁለት ዓመት አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ" አለኝ። "መልሱን አገኛለሁ ብዬ አይደለም እኮ። መጠየቁ ብቻ ይበቃኝ ነበር።" ከዚያ ፈረመ። ልቤ ተሰበረ፤ ስንት ዓመት የሳቅሁበትን ሁሉ መልሼ ዋጥኩት። እሱ ፈተና ስለሚፈትን ደብዳቤውን ለኤሊያስ ቢሮ እንዳደርስለት ሰጠኝ።

አደርሳለሁ አልኩ፤ መች እንደማደርስ አላልኩም። ሃያ ስምንት ዓመት መንግሥት ቤት ስሠራ የተማርኩት ትልቁ ሙያ ደብዳቤ ማስቀመጥ ነው። የመጨረሻው ቀን ሠላሳ ከሆነ በሃያ ሰባት የሚያደርስ ጸሐፊ እስከ ዛሬ አላየሁም። መዝገቡ ውስጥ፣ የታመሙት ገጽ ላይ ሻጥኩት። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ኔትወርክ በከተማው ጠፋ።

ሰኞ፣ ሰኔ ሠላሳ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ሌላ መንገድ አጣሁ። ቃል ቃል ነው። ባጃጅ ይዤ ኮሌጁ በር ላይ ስወርድ ሆሴዕ ከግቢው እየሮጠ ወጣ፤ አንድ ጫማው እግሩ ላይ የለም።

"ደብዳቤውን ሰጡት?"

"ቦርሳዬ ውስጥ ነው።"

"እስካሁን?"

"ቀኑ መቼ አለፈ?"

ቦዩ ጠርዝ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረበት። ስልኩን ዘረጋልኝ፤ እንግሊዝኛው ሲበዛብኝ ቀምቶ ራሱ በአማርኛ አነበበልኝ። የገምጋሚ ሁለት መልስ ነበር።

"ይህን ያህል በመዘግየቴ ደራሲውን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ኅዳር ላይ በጠና ታምሜ ሆስፒታል ገባሁ፤ ለወራት ማንበብ አልቻልኩም ነበር። አሁን ድኛለሁ፤ ከዳንኩ በኋላ መጀመሪያ ያነበብኩት ይህን ጽሑፍ ነው። የሥጋው ክፍፍል ምሳሌ ግልጽ ነው፤ ጽሑፉ ይታተም። ከግምገማው ውጭ አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ዕጣው በሚጣልበት ቀን የታመመ ሰው ድርሻው ምን ይሆናል?"

"ታሞ ነበር" አለ ሆሴዕ።

"እኔ ምን ብዬ ነበር?" ማለት አማረኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አልወጣልኝም፤ እኔም ደንግጬ ነበር። ዓምድ ጠፍቶኝ የጻፍኩት ሰው፣ ያን ሁሉ ጊዜ የምር አልጋ ላይ ነበር።

ኤሊያስ ኢሜይሉን አይቶ፣ ኮሪደሩ ላይ በቆመው ኮፒ ማሽን ራሱ ሁለት ኮፒ አድርጎ ፋይል ውስጥ አስገባው። ማሽኑ አሁንም ኮሪደር ላይ ነው። የዳይሬክተርነቱን ደብዳቤ እኔ ቀደድኩት፤ በሕይወቴ የቀደድኩት የመጀመሪያው ሕጋዊ ደብዳቤ ነው።

የቀረው የመዝገቡ ጉዳይ ነበር። የዳነ ሰው ምስክርነት ይሰጣል፤ ሰውየው መምጣት አይችልም፤ ቅርብ ዘመዱ ደግሞ የታወቀ ነው። ሆሴዕ መድረክ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ቀጣዩ እሑድ ግን ሸሚዙን በደንቡ ለብሶ ወጣና መልሱን አነበበ። "ድኛለሁ" የሚለው ላይ ሲደርስ እልልታው ማይኩን ዋጠው። አበበች ቆማ እጇን ዘረጋች።

"በጸሎት ነው ወይ የዳነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ" አለ ሆሴዕ ጸጥ ሲል፣ "እኔ አላውቅም። ያላየሁትን አልናገርም። ግን አንድ ያየሁት ነገር አለ። እኔ ስምንት ወር ሙሉ ስለዚህ ሰው ሳስብ ጽሑፌን ይዞ እንደተቀመጠ ክፉ ሰው ነበር የማስበው። እናንተ ስሙን ሳታውቁ 'ታሞ ይሆናል' አላችሁ። ይቅርታ እንድትጠይቁልኝ አይደለም የመጣሁት፤ እኔ ራሴ ጠይቄዋለሁ።" ይህን ብሎ ወረደ። ገነቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔም የያዝኩትን ብዕር ማየት አቃተኝ፤ ተራ ቁጥር ዘጠኝ ትይዩ "ድኗል" ብዬ የጻፍኩት ፊደል እስከ ዛሬ ጠማማ ነው።

የሰውየውን ጥያቄ ለመመለስ ሆሴዕ ወልደኪዳን ዘንድ ሄደ። ጉዳዩ የእሳቸው ሙያ ነው። እሳቸው ጥያቄው ራሱ ገረማቸው። "ይህን የማያውቅ ሰው አለ? የታመመ ሰው ምልክቱን ሌላ ሰው ይሰጥለታል። ድርሻው ከማንም አያንስም። ቤቱ ድረስ ይወሰድለታል። በል ጻፍለት።" ሆሴዕ እንዳሉት ጻፈ፤ ምንም አልጨመረበትም።

ዘንድሮ መስቀል ላይ ወልደኪዳን እንደ ልማዳቸው መደለደል ጀመሩ። አሥራ ሁለት ሲሞላ ያቆማሉ ብለን ስንጠብቅ ሌላ የእንሰት ቅጠል ዘረጉ። ከእያንዳንዱ መደብ ትንሽ ትንሽ አነሡ፤ ጉበቱንም ሻኛውንም ሳይረሱ አሥራ ሦስተኛውን ሠሩ። ምልክት ሲሰበሰብ ሆሴዕ ጠመኔውን ለራሱ ድርሻ ሰጠ። ከዚያ ከአንገቱ የክፍሉን ቁልፍ አውልቆ "ይሄ የገምጋሚ ሁለት ነው" አለ።

ቁልፉ አራተኛው መደብ ላይ ወደቀ። ባለቤቱ ሩቅ ስለሆነ ወልደኪዳን ወደ እኔ ዞሩና በመዝገቤ አሁን የታመመ ማን እንዳለ ጠየቁኝ። ተራ ቁጥር አንድ እህት አበበች ነበረች፤ ጉልበቷ አላስነሣት ካለ ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ሆሴዕ ሥጋውን በቅጠሉ ጠቅልሎ፣ ቁልፉን መልሶ አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ቤቷ ድረስ ወሰደላት። አበበች ከማን እንደሆነ ስትጠይቀው ነገራት። እሷም አልጋዋ ላይ ቀና ብላ "እንዴት ነው አሁን? ምግብ ይቀምሳል?" አለችው።